ሐምሌትን ሳታነቡ ላለፋችሁ ጀግኖች

በመጀመሪያ ደረጃ እጅ ነስቻለሁ። አንብቦ ፈተና ማለፍማ ምን ይገርማል፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያደርገዋል። ጉዱ ሳያነቡ ማለፍ ላይ ነው። ያውም በተራው ክፍል ሳይሆን፣ ጎበዝ ጎበዙ ተመርጦ በሚገባበት፣ ከፍ ባለው የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ ክፍል፤ ያውም በሼክስፒር፤ ያውም በሐምሌት! እኔም በዘመኔ ከእናንተው አንዱ ስለነበርኩ ይህን ውዳሴ የምጽፈው በወሬ ሰምቼ አይደለም። በወሬ የሰማሁት ድርሰቱን ነው።

ሐምሌት እኮ ቀልድ አይደለም። ከሼክስፒር ተውኔቶች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ወደ 4,000 መስመር ይጠጋል። ሳይቆረጥ መድረክ ላይ ከወጣ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እንግሊዝኛው ደግሞ ከ400 ዓመት በፊት የነበረው ነው። ይህን ሁሉ ጀግናው ተማሪ በፈተናው ዋዜማ፣ በአምስት ደቂቃ ቪዲዮ፣ እሱንም ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ ይገላግለዋል። ሁለት ደቂቃ ተኩል! የአባቱ መንፈስ ተገልጦ ገዳዬ አጎትህ ነው ስላለው አምስት ገቢር ሙሉ አጎቱን ልግደል አልግደል ሲል የከረመውን ልዑል እኛ ጥርሳችንን እየታጠብን ቀበርነው። ታዲያ ማነው ቆራጡ?

ቅኔ አዋቂዎች ሰሙን ሳያቀልጡ ወርቁ አይገኝም ይላሉ። ፋራነት ነው። የእኛ ሰው ሰሙን ዞር ብሎ ሳያየው ወርቁን ይዞ ውልቅ ይላል። ወርቁ ደግሞ አንድ ቃል ነው። ሐምሌትን ምን ጣለው? ማመንታት። በሌሎቹ የሼክስፒር ተውኔቶችስ ማክቤዝን? የሥልጣን ጥም። ኦቴሎን? ቅናት። አለቀ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቃል፣ መዳፍ ላይ ተጽፎ ቦታ የሚተርፈው አጤሬራ። አርስቶትል ስለ ትራጄዲ፣ ማለትም ጀግናው ስለሚወድቅበት አሳዛኝ ተውኔት፣ ሲጽፍ የተጠቀመበት «ሐማርትያ» የሚለው ቃል ዒላማ መሳት፣ መሳሳት ማለት ነው እንጂ እንደ ደም ዓይነት በሰውየው ላይ የሚለጠፍ ጠባይ አይደለም ብለው የሚከራከሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ትምህርትን የሚያወሳስቡት።

አንድ ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛችን እጇን አወጣችና፣ ይሄ የሚያመነታ የምትሉት ሰው መጋረጃ ጀርባ ድምፅ ሲሰማ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ሰይፉን ሰክቶ የንጉሡን አማካሪ ፖሎኒየስን ገደለ፤ በሐሰት ደብዳቤ ሁለት የልጅነት ጓደኞቹን ወደ ሞት ላከ፤ ባሕር ላይ ወንበዴዎች ሲመጡባቸው ብቻውን ዘልሎ የወንበዴዎቹ መርከብ ላይ ወጣ፤ ይሄ ሁሉ የማመንታት ሥራ ነው ወይ? አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እርስ በርስ ተያየን። ወንበዴ? የምን ወንበዴ? ቪዲዮው ላይ ወንበዴ የለማ! ልጅቷ ማንበቧ ታወቀባት። ከዚያ ቀን በኋላ ለቡድን ሥራ የሚፈልጋት አልነበረም።

ደግሞ ጊዜ ቆጣቢነታችን። ያችን ሥዕል ታውቋታላችሁ፤ ሐምሌት የራስ ቅል በእጁ ይዞ «መሆን ወይስ አለመሆን» ሲል። የስንቱ የቡድን ሥራ ሽፋን ላይ አለች። ንግግሩ ያለው ሦስተኛው ገቢር ላይ ነው። ቅሉ የሚመጣው አምስተኛው ላይ፣ መቃብር ቦታ ነው፤ ያን ጊዜም ሐምሌት ሕፃን ሳለ በጀርባው አዝሎ ያጫውተው የነበረውን የቤተ መንግሥት አጫዋች እያስታወሰ፣ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ቃላት እየተወራወረ ነው፣ ያስቃልም። ሁለት ገቢር ያህል የተራራቁትን በአንድ ሥዕል ማገናኘት የእኛ ፈጠራ ነው። ሼክስፒር ራሱ አላሰበውም።

የፖሎኒየስን ምክር ድርሰት መክፈቻ ላይ የሚጠቅሱትንም ሳላመሰግን አላልፍም። «ለራስህ ታማኝ ሁን»፤ እንዴት ያለ ጥልቅ አባባል! ይህን ለልጁ የመከረው አባት ብዙም ሳይቆይ በዚያው ልጅ ላይ ሰላይ ይልክበታል። «የብልህ ንግግር አጭር ነው» የሚለውም የእሱ ነው፤ ንግሥቲቱ በወሬው ብዛት ተሰላችታ ባክህ ወደ ነገሩ ግባ እስክትለው ድረስ። ግን ይሄ የማን ጉዳይ ነው? ጥቅስ ጥቅስ ነው፣ ማርክ ያመጣል።

የራሴንም ገድል ልናገር። ሐምሌት ስለሚወዳት ስለ ፖሎኒየስ ልጅ፣ ስለ ኦፊልያ አበቦች ምሳሌያዊ ትርጉም ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሮዝሜሪው ትዝታ ነው፣ ይሄ ሐዘን ነው፣ ያኛው ክህደት ነው። ችግሩ፣ ስጽፍ ኦፊልያ የሐምሌት እናት ትመስለኝ ነበር። መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ዳሩ ላይ «ድፍረት ያለው አተረጓጎም!» ብለው ጽፈውበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስህተት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ። እሳቸውም ብልህ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ «ሐምሌት ለምን ያመነታል?» ብለው ይጠይቃሉ፣ እኛ በየዓመቱ እንመልሳለን፣ ማንም ማንንም አያስቸግርም።

ይህ ልማድ የዛሬ ልጆች ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1603 መጀመሪያ የታተመው ሐምሌት ከሁለተኛው ቅጂ ጋር ሲተያይ ግማሽ ቢሆን ነው። አንድ ተዋናይ ከትዝታው ለቃቅሞ ያጻፈው ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። እዚያ ላይ ልዑሉ «መሆን ወይስ አለመሆን፣ ጥያቄው እሱ ነው» በማለት ፈንታ «አዎ፣ ነገሩ እሱ ነው» ብሎ ያልፋል። ጎበዝ! የፈተና ዋዜማ ላይ ያለ ተማሪ እንዲህ ነው የሚናገረው።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናዘዝ። ካለፍኩ ከዓመታት በኋላ፣ ማርኩ ሊነጠቅ በማይችልበት ጊዜ፣ ማንም ሳያየኝ አነበብኩት። ያኔ ነው የእናንተ መንገድ ምን ያህል ከአደጋ እንደሚያድን የታየኝ። ሦስተኛው ገቢር ላይ ሐምሌት የአባቱን አገዳደል የሚመስል ተውኔት በንጉሡ በአጎቱ በክላውዲየስ ፊት ያሠራል። ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት ታሪኩ በሙሉ ያለ ንግግር፣ በእንቅስቃሴ ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ ተሠርቶ ይታያል። ማጠቃለያ በሉት። በተኛ ንጉሥ ጆሮ መርዝ ሲንቆረቆር፣ ወንድሙን ልክ እንደዚያ የገደለው ክላውዲየስ ፊቱ ሳይቀየር ይቀመጣል። ምንም አይልም። ለምን ዝም እንዳለ ምሁራን ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ ያው ታሪክ እንደገና ይጀመርና አሁን በቃል፣ በግጥም፣ እየተብላላ ይሄዳል። መርዙ ጋ ሲደርስ ንጉሡ ከመቀመጫው ብድግ! «መብራት አምጡ!» እያለ ጥሎ ይወጣል። አያችሁ? ማጠቃለያው ምንም አላደረገውም። እኔም ቪዲዮውን እንዳየሁ ተኝቼ ነበር፤ ሙሉውን ያነበብኩ ለት ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝና ለአባቴ ስልክ ደወልኩ፣ በሌሊት፣ ምን ልለው እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ። እናንተ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተርፋችኋል።

መጨረሻው ላይም ደራሲው ራሱ ይመርቃችኋል። ሐምሌት ሊሞት ሲል ጓደኛው ሆሬሺዮ የተረፈውን መርዝ ልጠጣ ብሎ ጽዋውን ያነሳል፤ ሐምሌት ይቀማውና ኑርና ታሪኬን ተናገር ይለዋል። ለወሬ ነጋሪ የቀረ ሰው ማለት እሱ ነው። ወዲያው የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስ ይደርሳል። ይህ ሰው መሃል ላይ አንድ ጊዜ ጦሩን እየመራ ብቅ ብሎ የጠፋ ነው። ከሐምሌት ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም፣ የሐምሌትን አባት መንፈስ አላየም፣ ቅሉን አልያዘም፣ ኦፊልያ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም። ሆሬሺዮ ደም፣ ድንገተኛ ሞት፣ በጠንሳሾቹ ላይ የተገለበጠ ሴራ ብሎ በጥቂት መስመር ያጠቃልልለታል። ሰውየውም ዙፋኑ ለእኔ ይገባል ይላል፤ አስከትሎም ሐምሌት ቢነግሥ ኖሮ ግሩም ንጉሥ ይወጣው ነበር ብሎ በሙሉ ልብ ትንታኔውን ይሰጣል። አዳራሹ ሬሳ በሬሳ ነው፣ እሱ ቆሞ ይተነትናል፣ አንድም ሰው አንተ የት ነበርክ አላለውም።