አየር መሳቡ ብርጭቆ ይበቃዋል ማለት አይደለም

ቤታ ስለሚባለው፣ በቤት ውስጥ ስለሚረባው ትንሽ ባለ ቀለም ዓሣ አያያዝ በወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ቤታ ከውኃው ገጽ ላይ አየር ስለሚስብ ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ይበቃዋል» የሚለው አባባል ጀማሪዎችን የሚያሳስት ስለሆነ መታረም አለበት። ዓሣው ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል እንዳለው እውነት ነው፤ በታይላንድ የሩዝ ማሳዎችና ረግረጎች፣ ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ውስጥ መኖር የቻለውም በዚሁ ነው። ነገር ግን ይህ አካል ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ ከሚወጣው አሞኒያ ከሚባለው መርዛማ ነገር አያድነውም፤ ውኃው ባነሰ ቁጥር ደግሞ አሞኒያው ቶሎ ይከማቻል። እኔ የመጀመሪያ ቤታዬን አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ሊትር የማር ዕቃ አስቀምጬው ነበር፤ በሐምሌ ብርድ ውኃው ወደ 18 ዲግሪ ወርዶ፣ አንድ ጠዋት ክንፎቹን ከገላው አጣብቆ፣ ቀለሙም ደብዝዞ ከታች ተኝቶ አገኘሁት፤ ምግብ ስጨምርለትም ዞር ብሎ አላየም፣ እኔም በጣም አዘንኩ። ወደ 20 ሊትር ገንዳ አዛውሬ፣ ውኃውን በማሞቂያ ቀስ በቀስ 26 ዲግሪ ካደረስኩለት በኋላ ግን ክንፉን ዘርግቶ፣ በመስተዋቱ ላይ ጣቴን እየተከተለ ይዋኝ ጀመር። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት ሰው ውኃውን በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ደፍቶ ጠጠሩንም በቧንቧ ውኃ ማጠብ ይሻላል ማለታቸውን በአክብሮት አልቀበለውም፤ አሞኒያውን የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ ስለሆነ፣ ክሎሪን ያለበት ውኃ ይገድላቸዋል። በሳምንት ሩቡን ያህል ቀድቶ፣ ክሎሪኑ በመድኃኒት የተወገደለትንና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበውን ውኃ ቀስ እያሉ መተካት ይበቃል።