ገመዱን ተዉት፣ ሰዓቱን አስተካክሉ!

እረ በናታችሁ፣ አዳማ ውስጥ ሴሪያል (ዳታን በአንድ ሽቦ ቢት በቢት መላክ) በሶፍትዌር የምትጽፉ! ኤቲታይኒ85 የተባለው ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ቺፕ የራሱ ዩአርት (ሴሪያልን በሃርድዌር የሚሠራ ክፍል) የለውም፣ እሺ፤ ግን የሥራውን ፍጥነት የሚመታው የውስጥ ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊስት ይችላል። በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) አንድ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ነው። 5 በመቶ ብቻ ቢዛነፍ ስቶፕ ቢቱ (የባይቱ መዝጊያ) ላይ ሲደርስ ግማሽ ቢት ያህል ተንሸራቷል፤ ስክሪኑ ላይ ዝባዝንኬ ይወጣል። የስህተቱ ጠርዝ ላይ ያለ ሰዓት ጠዋት ሠርቶ የቀትሩ ሙቀት ሲመታው ይስታል። ከዚያ «ገመዱ ነው» ይባላል። ገመዱ ምን አደረገ? የኦስካል ሬጅስተሩን (የውስጥ ሰዓቱን ፍጥነት ማረሚያ) አስተካክሉ፣ ወይም ክሪስታል (ትክክለኛ የውጭ ሰዓት) ግጠሙ። ባይት ስትቀበሉ፣ ስታርት ቢቱ (የባይቱ መክፈቻ) ሲወርድ 156 ማይክሮሰከንድ (አንድ ቢት ተኩል) ጠብቁ፣ የመጀመሪያውን ቢት መሀሉ ላይ አንብቡ፣ ከዚያ በየ104ቱ። ባይት ሲላክ ደግሞ ኢንተራፕት (ቺፑን ከሥራው የሚያቋርጥ ጥሪ) ዝጉ! የታይመሩ ጥሪ መሀል ገብቶ አንዱን ቢት ሲለጥጠው፣ ስህተቱን ፍለጋ ስንት ሰዓት በከንቱ ያልፋል።