ውዳሴ ለሐውልት ሸራፊዎች

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣውን እንግዳዬን ይዤ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ ሞንቲቼሎ ወጣሁ። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ፣ ኋላም ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን የኖረበትና የተቀበረበት ኮረብታ ነው። አስጎብኚዋ ስለ ቤቱ ስትናገር እንግዳዬ ስልኩን ሲነካካ ቆየ። መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ግን ነፍስ ዘራ። እጁን በብረት አጥሩ መሐል አሾልኮ አንዲት ጠጠር አነሣና በመሐረብ ቋጠራት። ገላመጥሁት።

«ማስታወሻ ነው፤ ምን አለበት?» አለኝ።

አያያዙ ከገዳም እምነት እንደ ተቀበለ ሰው ነው። ለጄፈርሰን ጽላት መቀረጹን አልሰማሁም።

ደግሞስ እኔ ማን ነኝና እቆጣዋለሁ? እንግዳዬ የጥንት ማኅበር አባል ነው። ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1826 ከመሞቱ በፊት የመቃብሩን ሐውልት ራሱ ነድፎ፣ ለዋጋው ብሎ የሚያፈርሰው እንዳይኖር ከሻካራ ድንጋይ ይሠራልኝ ሲል ጽፎ ነበር። የዋህ! ሌባውን ሲጠረጥር አድናቂውን ረሳ። አድናቂ ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም። በአክብሮት ይመጣል፣ በትሕትና ጠርዝ ጠርዙን ይሸርፋል፣ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። ፍቅሩ ከመበርታቱ የተነሣ ኮንግረሱ በ1882 ለሌላ ሐውልት ገንዘብ መደበ፤ የተቦጫጨቀው በ1883 ለሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

እስኪ አንዷን ሽራፊ በሐሳብ እንከተላት። ሰውየው በሠረገላ ሦስት ቀን ተጉዞ ቤቱ አገባት እንበል። ሚስቱ ከሠርግ ብርጭቆዎቿ አጠገብ ቡፌ ላይ ሰየመቻት። እንግዳ «ይህቺ ምንድን ናት?» ሲል «ጄፈርሰን ናት!» ይባላል። ዓመት ሳይሞላ አቧራ ለበሰች። የበኩር ልጅ ለውዝ ሰበረባት፤ አማት ነጭ ሽንኩርት ወቀጡባት፤ ነፋስ ሲበረታ የጓዳውን በር ደግፋ ዋለች። አባት ሲሞት ሦስት ወንድማማቾች «ለእኔ ነው የተናዘዘልኝ» ተባብለው ዳኛ ፊት ቆሙ። ዳኛውም እኩል ይካፈሉ ብሎ ስለ ፈረደ መዶሻው እንደገና ወጣ። የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከመጻፍ ተነሥቶ ነጭ ሽንኩርት እስከ መውቀጥ መድረስ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

ስንመለስ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ አለፍን። ጄፈርሰን በባርነት የያዛቸው ሰዎች መቃብር ያለው እዚያ ነው፤ ከ40 የማያንሱ ሰዎች ዐርፈውበታል። ሰውየው በሕይወቱ ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በሞተ በወራት ውስጥ፣ በ1827 መጀመሪያ፣ 130 ሰዎች ለጨረታ መቅረባቸው በጋዜጣ ታወጀ፤ ለዕዳው። የእሱ ሐውልት የነጻነት መግለጫ ጸሐፊነቱን ይናገራል። የእነዚህ መቃብር ላይ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። እዚህ ማን ጠጠር ያነሣል? ማን ፎቶግራፍ ይነሣል? መሬት የቆፈሩለት፣ ልጆቻቸው ከጉያቸው የተሸጡባቸው ሰዎች አጠገብ ቆመን የመኪና ቁልፍ እንፈልጋለን። ያሳፍራል!

እንግዳዬ «ራበኝ፣ ቶሎ እንሂድ» አለኝ።

ትናንት ሻንጣውን ስንመዝን ከ23 ኪሎ አለፈ። ጫማ አወጣ። አልበቃም። ለእናቱ የገዛሁትን ብርድ ልብስ አወጣ። ጠጠሯ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ ሄደች።