ማስተካከያ፦ በፎርማሊን የቆዩ የቆዳ ናሙናዎችና ማይክሮ አር ኤን ኤ

ቀደም ባለው ጽሑፋችን፣ በፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ኬሚካል) ተጠብቀው በፓራፊን ሰም ውስጥ የተቀመጡ የቆዳ ጥቁር ነጥብ ናሙናዎች ለአር ኤን ኤ (በሕዋስ ውስጥ ከዲ ኤን ኤ ለሚገለበጠው ሞለኪውል) ጥናት እንደማያገለግሉና ወዲያው እንዲቀዘቅዝ የተደረገ ትኩስ ናሙና ብቻ እንደሚያስፈልግ መግለጻችን ስሕተት ነበር።

ፎርማሊን አር ኤን ኤን ከፕሮቲን ጋር እንደሚያስተሳስረውና የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሱት ረጃጅሞቹ መልእክተኛ አር ኤን ኤዎች ከጊዜ ብዛት እንደሚቆራረጡ የጻፍነው ትክክል ነው፤ የተሳሳትነው ይህንኑ የጂኖችን ሥራ ለሚቆጣጠረው አጭር አር ኤን ኤ፣ ለማይክሮ አር ኤን ኤም፣ እንዳለ መስጠታችን ላይ ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ ርዝመቱ ወደ 22 ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ ሰንሰለት አሃድ) ብቻ በመሆኑ ለመቆራረጥ እምብዛም አይጋለጥም፤ ስለዚህም ፕሮቲኑ በፕሮቲኔዝ ኬ ኢንዛይም ከተፈታ በኋላ፣ በፓቶሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ከቆየ ናሙና እንኳ ሊለካ ይችላል። ይህ ለጥቁር ነጥብ ጥናት ቀላል ነገር አይደለም፤ ተቆርጦ የሚወጣው ነጥብ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ሜላኖማ (አደገኛ የቆዳ ካንሰር) አለመሆኑ በማይክሮስኮፕ እንዲረጋገጥ ብዙውን ጊዜ ሙሉው ወደ ፎርማሊን ስለሚገባ፣ ለማቀዝቀዣ የሚተርፍ ቁራጭ እምብዛም አይገኝም።

በዚያው ጽሑፍ ሚር-211 የተባለው ማይክሮ አር ኤን ኤ በሜላኖማ ይጨምራል ማለታችንም የተገላቢጦሽ ነበር፤ በብዙ ሜላኖማዎች መጠኑ ካንሰር ካልሆነው ጥቁር ነጥብ ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

በናሙናው ውስጥ የሚቀር ሜላኒን (ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር) የዘረመል ቅጂዎችን አባዝቶ የሚለካውን የፒ ሲ አር ምርመራ ስለሚያደናቅፍ አስቀድሞ መወገድ እንዳለበት የሰጠነው ማሳሰቢያ ግን፣ እሱ እንኳ ቀንቶናል፣ እንደጸና ነው።