ለስድስት ደቂቃ ሬድዮ

እዚህ ጅማ፣ ሰፈር ውስጥ የድሮ ዕቃና የድሮ ፎቶ እየዞርን የምንመዘግብ ልጆች አለን (ልጆች ስላችሁ ትንሹ 31 አመቱ ነው)። ሰው ሊጥለው ያለውን ነገር ፎቶ እናነሳለን፣ ባለቤቱ የሚያወራውን በስልክ እንቀዳለን፣ ደሞዝ የለውም፣ እንዲያውም የባጃጁ ከኪሳችን ነው። እና ባለፈው ለሬድዮ ቃለ መጠይቅ ተጠራን። ስድስት ደቂቃ። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ባጃጅ ሞልቶ እስኪነሳ የምትጠብቀው ራሱ ከዛ ይበልጣል።

ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ምን ይባል አይደለም፣ ማን ይሂድ ነው። እኔ የተመረጥኩት ድምፅህ ወፍራም ነው ተብዬ ሲሆን፣ የዛን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ እንደነበር ማንም አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም።

ከዛ በቃ ዝግጅት ሆነ። ፀጉር ተቆረጥኩ። ሸሚዝ ተተኮሰ። ለሬድዮ እኮ ነው! እማዬ ማር በዝንጅብል አፍልታ ጠዋት ማታ ታጠጣኛለች፣ እኔ ደግሞ ማታ ማታ ጥናት ላይ ነኝ። ሞቲ (ንጉሥ ማለት ነው) አባ ጅፋር ዳግማዊ፣ ጅማን በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 የገዙ፣ አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፣ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል፣ የእንጨቱ ቤተ መንግስት ጅሬን ኮረብታው ላይ ነው ምናምን። የጊቤን አምስት የድሮ የኦሮሞ መንግስታት እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደድኩ፤ ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ጅማ። ጎማና ጉማ ላይ ምላሴ ይጠላለፋል፣ እህቴ ደግሞ "የባጃጁን ጎማ ነው የምታወራው?" እያለች ታደርቀኛለች።

ልምምዱን በስልክ ቀድቼ ሰማሁት። ራሳችሁን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ ብሎ ማመን ያቅታል፣ ሰውየው በየሁለት ቃሉ "እእእ" ይላል። እህቴ ሰሃን አመጣችና ለያንዳንዱ "እእእ" አንድ ፍሬ ጥሬ ቡና መጣል ጀመረች፣ ስጨርስ ሰሃኑ ላይ ያለው ለአንድ ጀበና በቅቶ ተረፈ። ቆልታ አፈላችው፣ ጠጣነው፣ ጥሩ ቡና ነበር።

ዋናው ጣጣ ግን ዋዜማው ላይ መጣ። ሊቀመንበራችን "ምስጋና እንዳይረሳ" ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ስምንት ስም ነበር። ፀሀፊው አየና "እነእትዬስ?" ብሎ ሦስት ጨመረ፣ ሒሳብ ያዡ የአጎቱን ልጅ አስገባ፣ የገባው አንዴ ባትሪ አውሶናል ተብሎ ነው። ሌሊቱን በቴሌግራም የመጣውን ስጨምርበት 23 ደረሰ። ማንን ትሰርዛለህ? ጎረቤት ነው፣ ነገ ለቅሶ ቤት ትገናኛለህ።

ስቱዲዮ ገባሁ። ጋዜጠኛዋ ሰላም አለችኝ፣ እኔም ሰላም፣ አድማጮች ሰላም፣ ጅማና አካባቢዋ ሰላም፣ እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ሄደ። ስለ ስራችሁ ንገረን ስትለኝ "እንደሚታወቀው" ብዬ ጀመርኩ (ምንም የሚታወቅ ነገር የለም፣ ስለማይታወቅ አይደል የጠሩን)። "በቅድሚያ ግን ማመስገን የምፈልገው" አልኩና ወረቀቱን ዘረጋሁት። አስራ ሰባተኛው ስም ላይ ጋዜጠኛዋ በእጇ አሳጥር አለችኝ፣ እኔ ፍጠን ያለችኝ መስሎኝ እንደ ታክሲ ረዳት ለቀቅኩት። ሃያ ሦስተኛውን እንደጨረስኩ ሰዓታችን አልቋል ተባለ። አባ ጅፋር ጅሬን ቀሩ። ጎማም ጉማም። ሰው የድሮ ፎቶውን ይዞ የት ይምጣ የሚለው እንኳን አልተነገረም።

ስወጣ እማዬ ደወለች። "ድምፅህ ምነው ቀጠነ፣ ሳትበላ ነው የሄድከው?"

ከሰዓት ደግሞ አንዲት የሰፈራችን እናት በባጃጅ መጡ። በሦስት እግሩ የሚቆም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ሰጥተውን ነበር፣ ካለን ዕቃ ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። አንዱ እግሩ ተሰንጥቆ በዘይት ቆርቆሮ ታስሯል፣ መቀመጫው ከመለስለሱ የተነሳ ፊት ያሳያል፣ ጠጋ ብለህ ስታሸተው ቅቤና የቡና ጭስ ይሸታል። በርጩማ ደግሞ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው በርጩማ ነው፣ እሱ ላይ እንኳን አልተጣላንም። ለነገሩ ስድስቱንም ደቂቃ ስለሱ ብቻ ባወራ ይበቃ ነበር።

"ባትሪ ያዋሰው ተጠራ፣ እኔ የእናቴን በርጩማ የሰጠሁት ቀረሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሃያ ሦስቱ ውስጥ የሉም። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እህቴ ቡና አቀረበች፣ እሳቸውም በርጩማቸውን ስበው ቁጭ አሉበት። ሦስተኛው ስኒ ላይ ትንሽ ሲበርዱ ቀስ ብዬ ስልኬን አውጥቼ "እማማ፣ እስኪ ይሄን ቆርቆሮ ማን እንዳሰረው ይንገሩኝ፣ ልቅዳዎት?" አልኳቸው።

ስኒውን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "በቅድሚያ ማመስገን የምፈልገው" ብለው ጀመሩ።