የማርሚታ ድምፅ ከበሮ እንጂ ቆርቆሮ አይሁን

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ቡና እየጠጣን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን የመኪናቸውን ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ዕቃ) ቀይረው ሰፈሩን በሚያናውጡ ልጆች ተማሯል። «ልጆቼ ሌሊት እየባነኑ ነው፤ መኪናቸውን መቀማት ነው እንጂ!» አለ። ሌላው ደግሞ «በገዛ ገንዘቡ የገዛው መኪና ነው፣ ወጣትነቱን ይኑርበት» ብሎ ተሟገተ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ቪ8 ሞተር ያለው የፎርድ ሙስታንግ የምነዳው እኔ ነኝ። ማርሚታውንም ቀይሬያለሁ። ጮክ ያለ ነው፣ እወደዋለሁም።

ከሁለቱም ጋር አልተስማማሁም። ልጆቹ ድምፅ በመውደዳቸው አላጠፉም። ያጠፉት ሳይመርጡ በመግዛታቸው ነው። ድምፅ መጨመር ሌላ፣ ድምፅ መምረጥ ሌላ።

ድምፁን ለምን እንደምወደው ልንገራችሁ። የሙስታንጉ 5.0 ሊትር ሞተር ስምንት ሲሊንደሮች (ነዳጁ የሚቀጣጠልባቸው ክፍሎች) አሉት፤ አራቱ በግራ፣ አራቱ በቀኝ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ስምንቱም በየተራቸው አንድ አንድ ጊዜ ይቀጣጠላሉ። በጠቅላላው ካያችሁት በእኩል ርቀት ነው። አንዱን ጎን ብቻ ለይታችሁ ብትሰሙ ግን ተራው የተዛባ ነው። በአንድ ጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ተከታትለው ይቀጣጠሉና ያ ጎን ትንሽ ዝም ይላል። የየጎኑ ጭስ በየራሱ ቱቦ ስለሚወጣ መዛባቱ እስከ ጆሯችን ይደርሳል። ያ «ዱብ፣ ዱብዱብ፣ ዱብ» የሚለው የአሜሪካ መኪና ምት ከዚህ ነው የሚመጣው። የፌራሪ ቪ8 እንዲህ አይመታም። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የተሠራበት መንገድ ስለሚለይ ድምፁ ቀጭንና ስለታም ነው። የእኛው ግን ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። ልጅ ሆኜ የጥምቀት ከበሮ በደረቴ ውስጥ ሲመታ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነው።

ፋብሪካው ይህን ምት አፍኖ ነው የሚሸጥላችሁ። ደንብ አለበት፣ ሁሉንም ገዢ ማስደሰትም አለበት። ማርሚታ የምንቀይረው ያንን ለማውጣት ነው።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነበር። መኪናውን እንደገዛሁ አንድ ጋራዥ ሄጄ «ጮክ እንዲል አድርግልኝ» አልኩ። ሰውዬው ከኋላ ያሉትን ሁለት ማርሚታዎች ቆርጦ ባዶ ቱቦ በየደበት። ርካሽ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ አለኝ። ከዚያ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ዘመድ ልንጠይቅ ወደ አትላንታ ተነሣን። ገና ሪችመንድ ሳንደርስ ነጠላዋን አውርዳ ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ አሰረች። ምንም አላለችም። እኔም ምን እንደምላት ጠፋኝ። ቀሪውን ስምንት ሰዓት ያህል እንደዚያው ተጓዝን።

ያ እናቴን ያሠቃያት ድምፅ እዚህ ያሉ የመኪና ወዳጆች «ድሮን» የሚሉት ነው። ሀይዌይ ላይ በስድስተኛ ማርሽ ስትሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይሆናል። ቪ8 በአንድ ዙር አራት ጊዜ ስለሚቀጣጠል፣ ይህ በሰከንድ 133 ምት ገደማ ነው። ወፍራም፣ የማይቋረጥ እምምታ። የመኪናው ውስጥ ባዶ ቦታ እንዲህ ላለ ድምፅ እንደ ከበሮ ሆድ ያገለግላል፤ ያጎላዋል። ከውጭ የቆመ ሰው አይሰማውም። ቪዲዮ ላይም አይሰማም። ለዚህ ነው ዩቲዩብ ላይ ሰምቶ ማርሚታ መግዛት ብዙዎችን የሚያስቆጨው። ቪዲዮው ነዳጅ ሲረገጥ ያለውን ሦስት ሰከንድ ያሰማችኋል። እናንተ የምትኖሩት ግን እግራችሁ ሳይጫን ባሉት ረጅም ሰዓቶች ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስገዛ ጊዜ ወሰድኩ። ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከኋላ አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹ ዘንግ) ወዲያ ያለውን ብቻ መቀየር ነው፤ «አክስል ባክ» ይሉታል። ርካሽ ነው፣ ድምፁንም በደንብ ይለውጣል። ሁለተኛው «ካት ባክ» ነው፤ ጭሱን ከሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር በኋላ ጀምሮ እስከ ጭራው ሁሉም ቱቦ ይቀየራል። ለሙስታንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። እኔ ይህን መረጥኩ፤ ምክንያቱም መሐል ላይ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ቦታም አብሮ ይለወጣል። እዚያ ላይ ነው የድምፁ ጠባይ የሚወሰነው። ግንኙነቱ እንደ ኤች ፊደል ከሆነ የግራና የቀኙ ጭስ ብዙም አይደባለቅም። ያ የተዛባ ምት ይቀራል፣ ድምፁ ወፍራምና የድሮ ይሆናል። እንደ ኤክስ ከሆነ ግን ይደባለቃል፤ ድምፁ ይስተካከላል፣ ከፍ ብሎም ይጮኻል። እኔ የኤች ሰው ነኝ። ኤክስ የሚወድ ሰው ስህተት ነው አልልም፤ ግን የድሮውን ከበሮ ከፈለጋችሁ እዚያ አታገኙትም።

ማርሚታው ራሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ፍሎውማስተር የሚባለው ድርጅት የታወቀባቸው ማርሚታዎች ውስጣቸው በግድግዳ የተከፋፈለ ክፍል ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይመታል፣ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። ቦርላና ማግናፍሎው የሚባሉት ድርጅቶች ማርሚታዎች በአብዛኛው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ ናቸው፤ ዙሪያው ድምፅ በሚመጥ ነገር ይጠቀጠቃል። ጭሱ ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ ድምፁም ይጠራል። ቦርላ ለአንድ መኪና ከለስላሳው ወደ ጮክ ያለው ሦስት የድምፅ ደረጃ ያቀርባል፦ ቱሪንግ፣ ኤስ ታይፕና አታክ። ልጆቹ ሁሉ ወደ አታክ ይሮጣሉ። በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ ሰው መሐለኛውን ቢይዝ ይሻለዋል። ኮርሳ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ያንን እምምታ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ አድርጎ ማርሚታ ይሠራል፤ ድምፁ በጎን መንገድ ተጉዞ ሲመለስ ከዋናው ጋር ተቃርኖ ይጠፋፋል። ዋጋው ይወደዳል። ቤተሰብ ይዞ ሩቅ ለሚሄድ ግን ያወጣዋል።

እንዲያው ሳልረሳው፣ ቱቦው የተሠራበትንም ብረት ጠይቁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ክረምት ላይ መንገዱን ጨው ይረጩበታል። 304 የሚባለው አይዝጌ ብረት ይህን ይቋቋማል። በአሉሚኒየም የተለበጠው ርካሹ ግን ብየዳው ላይ ጀምሮ ይበላል።

«ጉልበት ይጨምራል» የሚለውን ብዙ አትስሙ። የአሁን ዘመን ሙስታንግ የፋብሪካ ቱቦው ቀድሞውንም መጥፎ አይደለም። የምታገኙት ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፤ መንገድ ላይ አይታወቃችሁም። የምትገዙት ድምፅ ነው። ድምፅ ለመግዛት ሌላ ሰበብ አያስፈልግም።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ግን አትንኩ። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የገባው የምንተነፍሰው አየር መርዝ እንዳይሆን ነው። ማውጣቱ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ የጭስ ምርመራ አለ፣ አታልፉም። ድምፁም ቢሆን አያምርም፤ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው ይንኳኳል፣ ቀይ መብራት ላይ አጠገባችሁ የቆመውን ሕፃን በጭስ ያፍናል። ቅያሬው የሚያምረው ከኮንቨርተሩ በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ነው፣ ኮንቨርተሩንና ከፊቱ ያለውን ተዉት።

መግጠሙ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እኔና ጓደኛዬ በአንድ ቅዳሜ ጨረስነው። ማታውን በቡሎኖቹና በዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተን አደርን። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ መኪናውን በክሪክ አንሥተን በመደገፊያ ላይ አስቀመጥነው። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትገቡ፣ አደራ። ቱቦውን የያዙት የላስቲክ ማንጠልጠያዎች አልላቀቅ ሲሉ የሳሙና ውኃ አፈሰስንባቸው፤ ወጡ። ትልቁ ነገር አዲሱን ቱቦ ስታስገቡ ክላምፖቹን (ቱቦዎቹን የሚያያይዙትን ማሰሪያዎች) ወዲያው አለማጥበቅ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታው እስኪይዝ ላላ አድርጋችሁ ተዉት። የጭራው ጫፎች እኩል መሆናቸውን ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር። ቱቦው ከአክስሉና ከሥረኛው ብረት ጋር እንዳይነካካ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። ከዚያ ከፊት ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥብቁ። መጀመሪያ ስታስነሡት ትንሽ ጭስ ይሸታል፣ ከፋብሪካ የተረፈ ዘይት ነው፤ ይጠፋል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ክላምፖቹን እንደገና እዩአቸው። ብረት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ይላላል።

ይህን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ጎረቤቴ ነርስ ናት፣ ሌሊት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን በሬን አንኳኩታ፣ «ወንድሜ፣ መኪናህ ያምራል። ግን እኔ ልክ ስተኛ ነው አንተ የምታስነሣው» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። ደክሟት ነበር። በጣም አፈርኩ። ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሣ ኮንቨርተሩን ቶሎ ለማሞቅ ከወትሮው ከፍ ባለ ዙር ነው የሚሠራው። ጩኸቱ የሚብሰው በዚያች የመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፤ ያቺ ደቂቃ ደግሞ ሁልጊዜ በሰው መስኮት ሥር ናት። አሁን ማታ ስገባ መኪናውን ከሕንፃው ማዶ፣ መንገዱ ዳር ነው የማቆመው። ጠዋት ሦስት ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ፎርድ በ2018 ሙስታንግ ላይ መኪናው በተወሰነ ሰዓት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲነሣ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አስገብቷል። ለዚህ ያነሣሣው የራሱ የፎርድ ኃላፊ የነበረ መሐንዲስ ነው፤ በመኪናው ጩኸት ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶበት ነበር። በዚያ መቆጣጠሪያ ድምፁ በአሥር ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። ለጆሮ ሲሆን ግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። መኪናችሁ ይህ ካለው ተጠቀሙበት።

ሕጉም እየጠበቀ ነው። ቨርጂኒያ ፖሊስ በማርሚታ ጩኸት ብቻ መኪና እንዳያስቆም በ2021 ከልክላ ነበር፤ ብዙ ነዋሪ አማረረና ከጁላይ 2022 ጀምሮ የማስቆም ሥልጣኑ ተመለሰ። ካሊፎርኒያ ለተራ መኪና 95 ዴሲቤልን ጣራ አድርጋለች። ኒው ዮርክ በ2021 ባወጣችው ሕግ ቅጣቱን እስከ 1,000 ዶላር አድርሳለች። እነዚህን ሕጎች ያመጣቸው መኪና የሚጠላ ሰው ብቻ አይመስለኝም። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ባዶ ቱቦ እያስጓራ ያለፈ እያንዳንዱ ልጅ አብሮ ጽፏቸዋል። በዚህ አዝናለሁ፤ ቅጣቱ በጨዋነት ለሚነዳውም ይተርፋልና።

ድምፁ ራሱ ደግሞ እየሄደ ነው። የሙስታንግ ተፎካካሪ የነበረው የዶጅ ቻሌንጀር ምርት በ2023 መጨረሻ ቆሟል። ሌላው ተፎካካሪ፣ የሸቭሮሌ ካማሮም ከ2024 ሞዴል በኋላ የለም። ዶጅ አዲሱን የኤሌክትሪክ ቻርጀር ሲያወጣ የማርሚታ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ገጠመለት፤ ያለ ድምፁ ገዢው እንደማይቀበለው ያውቃል። አገር ቤት ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ የሚነዳው ኤሌክትሪክ ነው። ስልክ ላይ «አጎቴ፣ እስቲ አስነሣልኝ» ይለኛል፤ አስነሥቼ ስልኩን ከኋላ እይዝለታለሁ።

እናቴ አምና ተመልሳ መጥታ ነበር። ያንኑ የአትላንታ መንገድ ሄድን። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነው የደረስነው።

ለተማረረው ጓደኛዬ የምለው፣ ፖሊስ ከመጥራትህ በፊት እንደ ጎረቤቴ በር አንኳኳ። ልጆቹን ደግሞ በሚመጣው እሑድ ከቡና በኋላ አንድ በአንድ አስቀምጬ በ95 ሀይዌይ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ደርሼ እመልሳቸዋለሁ። ሄደን እስክንመለስ ሙዚቃ አይከፈትም። የሞተሩን ድምፅ ይስሙ። ከዚያ ካታሎጉን አብረን እንከፍታለን።