ማስተካከያ፦ ስለ ፒተር ሎሬ የጻፍነው

ስለ ተዋናዩ ፒተር ሎሬ ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ የሚከተሉት ይታረሙ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ትውልደ ጀርመን» ብለነዋል፤ አይደለም። ዝናው ከበርሊን በመነሣቱ ተሳስተናል። በ1904 የተወለደው ያኔ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ በምትገኘው ሩዦምቤሮክ ነው። የትውልድ ስሙ ላስሎ ሎወንስታይን ነበር።

በ1931 በወጣው «ኤም» ፊልም ላይ ሎሬ የተጫወተው ነፍሰ ገዳይ የሚያፏጫትን ዜማ ሎሬ ራሱ እንዳፏጫት ጽፈናል። ፊልሙን ያየ ሰው መቼም የማይረሳት ፉጨት ናት፤ ስሕተቷም የከነከነችን ለዚህ ነው። ሎሬ ማፏጨት አይችልም ነበር። ከኖርዌያዊው የሙዚቃ ደራሲ ከግሪግ ሙዚቃ የተወሰደችውን ዜማ ያፏጨው ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ ነው።

እንግሊዝ ሲገባ ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገር ነበር ማለታችንም ልክ አይደለም። ሎሬ አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ከጀርመን ወጣ። በ1934 በአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ላይ ሲሠራ እንግሊዝኛው ገና ስለነበር፣ አብዛኛውን ንግግሩን ድምፁን ብቻ ይዞ እንደ ዳዊት በቃሉ ሸምድዶ ነው የተወነው።

ጃፓናዊውን ልብ ወለድ መርማሪ ሚስተር ሞቶን የተጫወተው በስድስት ሳይሆን በስምንት ፊልሞች ነው። «ካዛብላንካ» ውስጥም መሪ ተዋናይ አልነበረም፤ ገና ፊልሙ ሲጀምር ተይዞ ይወሰዳል።

በ1964 ሲያርፍ ዕድሜው 59 እንጂ 60 አልነበረም። ዓመቱን ከዓመት ስንቀንስ ልደቱ ጁን፣ ሞቱ ማርች መሆኑን ሳናይ ቀርተን ነው።